ለስቅለት የተቀባው ርብራብ

እንኳን አደረሰህ ይስማው። በሰላም ዋላችሁ? … አይ፣ አልገባም። እዚሁ ከደጁ ድንጋይ ላይ ይበቃኛል፤ ፀሐዩ ለጉልበቴ ደግ ነው። ወንድምህስ ተሻለው? ተመስገን። እኔማ ፋሲካን ሰቆጣ ሆስፒታል ታሳልፋለህ ብዬ ሰግቼ ነበር። ቅዳሜ ገባችሁ አሉኝ። ባጃጁ እስከ ወንዙ ብቻ ነው የሚመጣ፤ ከዚያ ወዲህ በሽተኛ ደግፎ ዳገት መውጣት… እግዜር ያበረታህ ነው።

የአበርገሌ ፍየል አረዳችሁ አሉ። የቆላ ፍየል ሥጋው ሌላ ነው። እኛ ዘንድ ዶሮ ነበረች። አሮጊት ነበረች። እሳቱ ላይ ስትውል እኔ ሁለት እንቅልፍ ተኛሁ። ቢሆንም በላናት፤ በዓል ነው።

ዝናቡን አየኸው? ፃግብጂ ላይ ወረወር አድርጎ እኛን ዘለለን። ደመናውም ሰው እየመረጠ ነው።

የመጣሁትማ ሞረድህን ልዋስ ብዬ ነው። መጥረቢያዬ ዶልዱማብኛለች። ልጂቱ እስክታመጣልኝ ድረስ… ትንሽ ነገር ላጫውትህ። ወሬ እንደማላውቅ ታውቃለህ። ይህን ቤትህን ስሠራ ከመሠረቱ እስከ ጉልላቱ ስንት ቃል ወጣኝ? «ያዝ» እና «ልቀቅ»። ዛሬ ግን ካወራሁ ታገሠኝ። በሽማግሌነት ተልኬ ነው።

እሑድ እንደምንመጣ ሰምተሃል። ሁለት ሽማግሎችና እኔ። ልጅህን ሰላማዊትን ልንጠይቅህ። ለማን እንደሆነ እሑድ ቆመን እንናገራለን፤ ከዚያ በፊት ስም ማንሣት ወግ አይደለም። አንተም ታውቀዋለህ፤ እኔም አውቀዋለሁ። ስሙ ይቆየን።

ልጁ ራሱ ነው ቤቴ ድረስ የመጣው። ጫማውን ከደጅ አወለቀ፤ ጉልበቴን ሳመ። «አያ ደጅይጥኑ» አለኝ፣ «ይስማው እርስዎን ያምንዎታል። ክፉ ቃል እንዳይወጣዎት አደራ። የሚያውቁትን መልካሙን ብቻ ይንገሩልኝ።» ቃል ገባሁ። ሽማግሌ ቃሉን ከበላ ምን ቀረው? ስለዚህ የምነግርህ መልካሙን ብቻ ነው። ከመልካሙ ሌላ ነገር ከሰማህ… የጆሮህ ነገር ነው።

አንተ ስቅለትን እዚህ አልነበርህም። ሰላማዊትም አልነገረችህ ይሆናል፤ ልጅ ናት፣ ነገር አታመላልስም። ስለዚህ ከሥሩ ልነሣ።

የቤተ ክርስቲያኑን ጓሮ ታውቀዋለህ፤ አለት ነው። በየዓመቱ በሰሙነ ሕማማት አሮጌ ሰው ጉልበቱ እየተላጠ ይሰግድበታል። ዘንድሮ አለቃው መምሬ ምስጋናው «የእንጨት ርብራብ ይደረግበት» አሉ። ከፈረሰው አዳራሽ የወጣ የጽድ ጣውላ ነበረ። እኔ ጠረብሁት፤ ከሥሩ የወይራ ቋሚ አቆምሁለት፤ ቸነከርሁት። ጾሙን ሙሉ። ሲያልቅ እንደ ትልቅ አልጋ ከአለቱ በላይ ተዘረጋ። መቶ ሰው ይይዛል።

የቀረው ማለስለሱና መቀባቱ ነበር። እኔ የማውቀው አባቴ ያሳየኝን ነው። ጣውላውን በጠርሙስ ስባሪ ትፍቀዋለህ። በአሸዋና በጆንያ ታሸዋለህ። በአመድ ውሃ ታጥበዋለህ። ከዚያ ሳምንት ሙሉ ትተወዋለህ፤ አጥንቱ ድረስ ይደርቅ። ሲደርቅ የተልባ ዘይት በጨርቅ፣ ስስ አድርገህ። እንጨቱ ይጠጣል። ትጠብቃለህ። ትደግመዋለህ። ደግሞ ትጠብቃለህ። … አየህ? የሰነፍ ሥራ ነው። አብዛኛው መጠበቅ ነው።

የላከኝ ልጅ ግን ሰነፍ አይደለም። ሰቆጣ የቀለም ቅብ ሱቅ አለው፤ የምስክር ወረቀቱን በመስታወት አድርጎ ግድግዳው ላይ ሰቅሎታል። እኔ ማንበብ አልችልም እንጂ ማኅተሙ ትልቅ ነው። «ለነፍሴ ብዬ በነጻ እቀባዋለሁ» አለ። አለቃው በድምፅ ማጉያ አመሰገኑት። መሐል ላይ መብራት ጠፋ። እሱ ራሱ ሮጦ ጄኔሬተሩን አስነሣና… እንደገና ተመሰገነ። ለነፍሱ እንዲህ የሚሮጥ ወጣት ዛሬ ከየት ይገኛል?

ደግሞ ፍጥነቱ! ረቡዕ የሦስት ሰዓቱ ጸሎት ሲያልቅ ጀመረ፤ ለስድስት ሰዓቱ ጸሎት እጁን ታጥቦ ቆሞ ነበር። እኔ ጨርቄን ይዤ «ብርጭቆ ወረቀት አታስነካውም ወይ?» አልሁት። «አያ፣ የሰው ጉልበትና ግንባር ያለሰልሰዋል» አለኝ። እውነቱን ነው። አለሰለሰው። እስከ ዛሬ ድረስ ጎረቤቴ ምንዋጋው መዳፉ ውስጥ የቀረችውን ስንጥር በመርፌ ይፈልጋታል።

ቀለሙንም የቀመመው ራሱ ነው። ከባጃጅ ሞተር የወረደ የተቃጠለ ዘይት፣ ላዩ ላይ ትንሽ ቫርኒሽ ጠብ ተደርጎበት። ምንም አይጥልም፤ ቆጣቢ ነው። እኔ የተቃጠለ ዘይት የማውቀው ለአጥር ነው፤ መሬት ለሚገባው ጫፍ። ሰው ግንባሩን ለሚያሳርፍበትማ አስቤውም አላውቅ። መማር ማለት ይኼ ነው። «ምስጥ አይደርስበትም» አለኝ። አልደረሰበትም። ምስጥ አስተዋይ ፍጥረት ነው።

አብረቀረቀልህ ይስማው! ከሩቅ ብታየው ውሃ የተኛበት ይመስላል። ላዩን ለሰው፣ ውስጡን ለቄስ ይባል የለ? … እዚህ ግን ቄሶቹም የደረሳቸው ላዩ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ሄድሁና ጣቴን አሳረፍሁበት። ጣቴ ጠቁሮ ተመለሰ። ፈልጌ ነገርሁት። «አልደረቀምኮ ልጄ።» ሳቀ። ጥርሱ ያምራል። «ነገ ፀሐይ አለ፤ ደሞስ አያ፣ ስለ ሞተር ዘይት እርስዎ ምን ያውቃሉ?» አለኝ። ምንም አላውቅም፤ ሞተር የለኝም። ጣቴን በጨርቄ ጠረግሁ።

አርብ ጠዋት ብርድ ነበርና ቀለሙን ያዝ አድርጎት ነበር። ሰው ባዶ እግሩን ወጣበት፤ አሮጌዎቹ «ተመስገን፣ ዘንድሮስ ጉልበታችን ዳነ» ተባባሉ። እኔም… አልዋሽህም፣ ኩራት ቢጤ ተሰማኝ። ጣውላው የኔ ነው። ከዚያ ፀሐይ ወጣ። ርብራቡ ማላብ ጀመረ። ዲያቆኑ «ስግዱ» ይላል፣ እንወድቃለን። እንነሣለን። ስንወድቅ ነጭ ነበርን። ስንነሣ… ሌላ ሕዝብ። ግንባር፣ መዳፍ፣ ጉልበት፣ ነጠላ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። ሕፃናት እናቶቻቸውን አጡ። ጎረቤትህ አመተ ማርያም ነጠላዋን ባዞረች ቁጥር ሌላ ንጹሕ ገጽ ታወጣለች፤ እስከ ስድስት ሰዓት አራቱም ገጾች ጠቆሩ። ማን ይቆጣል ታዲያ? ስቅለት ነው፤ አይቆጡበትም። «ለኃጢአታችን ነው» አልን፤ ሰገድን።

አመሻሹ ላይ፣ ሥርዓቱን ታውቀዋለህ፣ ሰው ለጥብጠባ ተሰለፈ። ቄሱ በወይራ ቅጠል ጀርባህን መታ መታ ያደርጉና «ስንት ሰገድህ?» ይሉሃል፤ የቀረህን ይጨምሩልሃል። ዘንድሮ መምሬ ምስጋናው መጠየቅ አላስፈለጋቸውም። ግንባር ግንባር እያዩ ያሳልፋሉ። በጣም የጠቆረውን «በቃህ፣ ሂድ ዕረፍ» ይሉታል። ፈካ ያለውን «አንተ ትንሽ ቀርቶሃል» ይሉታል። እንዲህ ያለ ሚዛን በቤተ ክርስቲያናችን ታይቶ አይታወቅም። ይኼም የማን ሥራ ነው? የሱ።

እሱ ከፊቴ ነበር። ተራው ደረሰ። አለቃው ቀና ብለው አዩት። ግንባሩ… ምን ልበልህ… ልጅ ክርስትና የተነሣ ዕለት እንዲያ ነው። መዳፉ ንጹሕ። ጉልበቱ ንጹሕ። ነጠላው ከሳጥን አሁን የወጣ። «ስንት ሰገድህ ልጄ?» አሉት። «አምስት መቶ» አላቸው። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። ሰምቼዋለሁ፤ ከኋላው ነበርሁ አልሁህ።

አምስት መቶ ጊዜ ወድቆ አንዲት ጊዜ እንኳ መሬት ያልነካ! እኛ ወደ መሬት እንሰግዳለን፤ እሱ ከመሬት በላይ። እንዲህ ያለ ነገር በገድል ሲነበብ ሰምቼ አውቃለሁ። በዓይኔ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። … ለሴት ልጅ አባት ትንሽ ነገር ነው? ሌላው አማች ቤትህ ሲመጣ እግሩ ጭቃ ይዞ ይገባል። የዚህ ምንም አይነካውም። ምንም።

ቆይ፣ አልጨረስሁም። ዋናው መልካም ገና ነው።

አለቃው መጨረሻ ላይ «ይኼ ርብራብ ለምን አልደረቀም?» አሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጣል፤ አንደበቱ ይያያዛል፤ «እኔ ነኝ» የሚል ቂል ነገርም ሊያመልጠው ይችላል። እሱ አልደነገጠም። ዞር ብሎ እማሆይ ወለተ ገብርኤልን አየ።

ታውቃት የለ፣ ግቢውን የምትጠርግልን መነኩሲት። ልጅ የላት፣ ወንድም የላት፣ ከመቃብር ቤቱ ጎን ያለች ጎጆ ናት ያለቻት። «እማሆይ፣ ርብራቡ ላይ ውሃ አፍስሰዋል?» ብሎ ጠየቃት። በጨዋ ደንብ፣ በአንቱታ። «አዎ ልጄ» አለች። እውነቷን ነው፤ ማክሰኞ አፍስሳለች። እሱ የቀባው ረቡዕ ነው። ቀኑን ግን አልጠየቃትም። ለምን ያስጨንቃታል? አሮጊት ናት።

«ይኸው» አለ። «ውሃ ገብቶበት ነው፤ አለዚያ ደርቆ ነበር።» አለቃውም ደክሟቸው ነበር፤ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ።

እሷ ሕዝቡን አየች። የሰውን ግንባር አየች። «ይኼን ሁሉ ያደረግሁ እኔ ነኝ?» አለች። ማንም አልመለሰላትም። «ይቅር በሉኝ» አለች፤ ማንም ሳያዛት «አርባ አንድ ስግደት ስጡኝ» ብላ ራሷ ለመነች። እዚያው ርብራብ ላይ ሰገደች። ሰማንያ ዓመት ሳይሆናት አይቀርም። ሲደክማት በአገውኛዋ፣ በኽምጣኛ ታጉረመርማለች፣ እንደገና ትወድቃለች። እሱ ቆሞ ቆጠረላት። ቁጥር እንዳይጠፋባት። አዛኝ ነው።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይላሉ። እሱ እንዲያ አይደለም፤ አህያም ዳውላም አልመታም። ድምፁንም ከፍ አላደረገ። በቀስታ፣ በአንዲት ጥያቄ ብቻ። እንዲህ ያለ ለስላሳ እጅ… ምነው ጣውላው ላይ ባዋለው ያሰኛል።

እኔ? … እኔ እዚያው ነበርሁ። ማክሰኞ ውሃ ስታፈስ አይቻለሁ፤ ገና ያልተቀባ እንጨት ነበር የምታጥበው። ሐሙስ ጣቴን ያሳረፍሁ እኔ ነኝ። ሁሉን አውቅ ነበር። ዝም አልሁ። «ደጅይጥኑ ዝምተኛ ነው» ሲሉኝ ሰባ ዓመት እንደ ምስጋና ስሰማው ኖሬአለሁ። ስድብ ሊሆን እንደሚችል አርብ ዕለት ነው የገባኝ። አርባ አንዱን ስግደት ቆሜ ሰማሁት። አጥንቷ ይሰማል።

ሞረዱ መጣ? እዚያ አስቀምጪው ልጄ። … አደገች እኮ። እግዜር ያሳድጋት። እሷን ሰኞ ዕለት አይቻታለሁ። እማሆይ በአመድ ውሃና በጆንያ ርብራቡን በጉልበቷ እየዳኸች ስታሽ፣ ሰላማዊት ቀሚሷን ሰብስባ አጠገቧ ተንበርክካለች። ማን ጠራት? ማንም። እሱም በዚያ ሲያልፍ ቆመ። «ጎበዞች! ጥጋጥጉን እንዳትረሱ» አለ። ስልኩን አወጣና ፎቶ አነሣቸው። «ለሥራዬ ማስረጃ ይሆነኛል» አለኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሉ ነበር የጥንቶቹ። ያ ድሮ ነው። ዛሬ የቸኮለው ያፈሳል፤ የሚለቅሙለት ሌሎች ናቸው፤ እሱ ፎቶ ያነሣል። ዘመን ሠለጠነ።

ሰላማዊት ቀና ብላ አየችው። ወደ ጆንያዋ ተመለሰች። እኔ ሴት ልጅ የለኝም፤ የሴት ልጅ ዓይን ማንበብም አላውቅም። አንተ አባቷ ነህ… ብትጠይቃት ትነግርህ ይሆናል። ከእሑድ በፊት ማለቴ ነው። ከእሑድ በኋላ የተጠየቀች ልጅ «እሺ» ከማለት ሌላ ምን ታውቃለች?

እንግዲህ እሑድ እኔ ቆሜ የምናገረው ይኼንኑ ነው። ታታሪ ነው እላለሁ። ፈጣን ነው። ቆጣቢ ነው። ነውር አይነካካውም። አንደበቱ ርቱዕ ነው፤ በክፉ ቀን ቃል አያጣም። ሐሰት ካገኘህበት ንገረኝ።

ትዳር ደግሞ ታውቀዋለህ፤ አንተም ሠላሳ ዓመት ኖረህበታል። ቤት ውስጥ ወጥ ያርራል፣ እንስራ ይሰበራል፣ ከብት ይጠፋል፣ ልጅ ይታመማል። በየቤቱ «ማን ነው ይኼን ያደረገው?» የሚባልበት ቀን አለ። ስንት ባልና ሚስት በዚች ጥያቄ ተጣላ! እሱ ቤት ጠብ አይኖርም። እሱ ቀስ ብሎ ዞር ይላል። መልሱ እዚያው ቤቱ ውስጥ ነጠላዋን ለብሳ ቁጭ ብላለች። እሷም «እኔ ነኝ?» ትላለች። አለቀ። ሰላም ነው። … ለአንዲት ልጅ ከዚህ የበለጠ ሰላም ምን ትመኝላታለህ?

አንተ የፈቀድኸውን ታደርጋለህ፤ ልጅቷ ያንተ ናት። ግን ወጉን እንዳትረሳ ብዬ ነው። ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን «እሺ» አይባልም። «እንመካከርበት» ተብሎ ይመለሳል። እኔ ጉልበቴን ያመኛል ብለህ እንዳታዝንልኝ። ሁለት ጊዜ ብትመልሰኝ እመጣለሁ። ሦስት ጊዜ ብትመልሰኝ እመጣለሁ። እስከ ክረምት፣ እስከ መስቀል ብታመላልሰኝ… እኔ መንገድ እወዳለሁ። ይኼ ዳገት ለጤና ጥሩ ነው ይላሉ።

ደግሞ ወደ ቤቴ ስመለስ በአለቃው ቤት በኩል ነው የማልፈው። ማክሰኞ ከረቡዕ በፊት መሆኑን ልነግራቸው ነው። ክፉ ቃል አይደለም፤ የሳምንቱ ቀን ቁጥር ነው። ቃሌን አላፈረስሁም። እማሆይም ቤት ጎራ እላለሁ። ምን እንደምላት እስካሁን አላገኘሁትም። ዝም ብዬ አብሬያት አሻለሁ ይሆናል… አይ፣ ዝም ብዬስ አይሆንም።

በል ልነሣ። እጅህን ስጠኝ… እህ። ይኼ ጉልበት።

ሽማግሌ ሳይመርቅ አይሄድም፤ የላከኝንም ልጅ ልመርቀው። እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጠው። ጤና ይስጠው። የሚያምር ቤት፣ የሚያምር ትዳር ይስጠው። አንዲት ሴት ልጅ ይስጠው፤ ከዓይኑ ብሌን አብልጦ የሚወዳት። ትደግለት፤ ቁመቷ ይመር፤ ጠባይዋ ይመስገን። ለአቅመ ሔዋን ስትደርስም በሩን የሚያንኳኩት ሽማግሎች… ቁርጥ እሱን የመሰለ ልጅ የላካቸው ይሁኑ።

አሜን በል እንጂ፣ ይስማው።